ከፊርማ በፊት
ስለ ንብረት ልውውጥ፣ ስለ ግብርና ስለ ባለሙያ ምክር

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ቤት ሽያጭና ስለ ግብር አንድ ንግግር እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ የሰጠሁት መልስ «ሰው ተሳስታችኋል» የሚል ነበር። እኔ የሕንፃ መዋቅር መሐንዲስ ነኝ። የግብር ሕግ አልተማርሁም፤ በግብር ጉዳይ ለማማከርም ፈቃድ የለኝም። ኮሚቴው ግን ቀደም ሲል የደረሰብኝን ነገር ያውቅ ስለ ነበር፣ «የምንፈልገው እርሱኑ እንድትነግረን ነው» አለኝ። ስለሆነም ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት እንደ ዐዋቂ ሆኜ ላስተምር አይደለም። የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ አድርጌ ተናግሬ በአንድ ታላቅ ሰው ላይ ያደረስሁትን ጉዳት ላስረዳና ሌላው ከእኔ እንዲማር ለማድረግ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና አስቀድሜ ሕጉን በአጭሩ ልግለጽ። በዚህ በምንኖርበት በአሜሪካ አገር አንድ ሰው የሚያከራየውን ቤት ከገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጥ በትርፉ ላይ ለፌዴራል መንግሥትና አብዛኛውን ጊዜም ለክፍለ ግዛቱ ግብር ይከፍላል። ሆኖም የሸጠውን የኪራይ ወይም የንግድ ቤት በሌላ የኪራይ ወይም የንግድ ቤት የለወጠ እንደ ሆነ፣ ግብሩን በዚያው ዓመት ሳይከፍል ወደ ፊት ሊያስተላልፈው ይችላል። ይህ ሥርዓት በአሜሪካ የግብር ሕግ ውስጥ ከ1921 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህም በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ ናቸው) ጀምሮ የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ የሚታወቀው አንቀጽ 1031 በሚል ስያሜ ነው። በየቡና ቤቱ «ቴን ሠርቲ ዋን» ሲባል የምትሰሙት ይኸው ነው።

ቀድሞ ልውውጡ እጅ በእጅ መሆን አለበት ይባል ነበር። በ1979 ግን አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ስታርከር የተባሉ የኦሪገን ሰው የደን መሬታቸውን አስረክበው ምትኩን በአምስት ዓመት ውስጥ ለመቀበል ያደረጉትን ውል እንደ ልውውጥ ተቀበለላቸው። ምክር ቤቱ ይህ ልቅነት አሳስቦት በ1984 ሁለት የጊዜ ገደቦችን ደነገገ። ሻጩ ቤቱን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ ሊገዛ ያሰበውን ንብረት በጽሑፍ ማሳወቅ፣ በ180 ቀን ውስጥ ደግሞ ግዥውን መፈጸም አለበት። በ1991 የወጣው ደንብ ገንዘቡ በማን እጅ መቆየት እንዳለበት በዝርዝር አስቀመጠ። ከ2018 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ሥርዓቱ ለመሬትና ለሕንፃ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። እንግዲህ ይህ አንቀጽ በመቶ ዓመት ውስጥ እየተጨመረበትና እየተቀነሰበት የመጣ፣ በአንድ ወሬ የማይያዝ ሕግ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በሙያ የቀደሙኝና ወደዚህ አገር ስመጣ እጄን ይዘው ሥራ ያስገቡኝ አንድ ታላቅ ሰው አሉ። አምስት ኪሎ የተመረቁ መሐንዲስ ናቸው። ወደዚህ አገር የመጡ ሰሞን ሌሊት መኪና ማቆሚያ እየጠበቁ፣ ቀን እየተማሩ ፈቃዳቸውን ያወጡ ናቸው። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት የሚያከራዩአት ቤት ነበረቻቸው። የጡረታ ዘመን ሲቃረብ ያችን ሸጠው የተሻለ ኪራይ የምታስገኝ ሌላ ቤት ለመግዛት አሰቡ። አንድ እሑድ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ልጄ፣ ይህ ግብር የሚባለው ነገር አስፈራኝ፤ ምን ትላለህ?» አሉኝ። እኔም ጥቂት ያነበብሁ ነበርና አፌን ሞልቼ፣ «ጋሼ፣ አያስቡ፤ በ180 ቀን ውስጥ ሌላ የሚከራይ ቤት ከገዙ ግብሩ ይቀርልዎታል» አልኋቸው።

እርሳቸውም አመኑኝ። ቤታቸውን ሸጡ። የሽያጩ ገንዘብ በስማቸው በተጻፈ ቼክ ተሰጣቸው፤ ባንክ አስገቡት። በ90ኛው ቀን ግድም በዚያው በሜሪላንድ ሌላ የኪራይ ቤት በ500,000 ዶላር ገዙ። ያላቸውን ሁሉ በዚሁ ላይ አዋሉት። በመጋቢት ወር ሰነዳቸውን ይዘው ፈቃድ ወዳላት የሒሳብ ዐዋቂ ዘንድ ሲሄዱ የሴትዮዋ የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ገንዘቡን የያዘልዎት አማካኝ ማን ነው?» የሚል ነበር። «የምን አማካኝ?» አሉ። በዚያች ጥያቄ ነገሩ ሁሉ አበቃ።

አኃዙን በክብ ቁጥር ላስረዳ። ቤቲቱ የተገዛችው በ220,000 ዶላር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 55,000ው የመሬቱ፣ 165,000ው የሕንፃው ዋጋ ነው። የመኖሪያ ኪራይ ቤት ሕንፃ በ27 ዓመት ተኩል እያረጀ እንደሚሄድ ስለሚቆጠር፣ በየዓመቱ 6,000 ዶላር ከገቢያቸው ላይ እየተቀነሰላቸው በ15 ዓመት 90,000 ደርሷል። በመሆኑም በሽያጩ ጊዜ ለሒሳብ የሚያዘው የቤቲቱ ዋጋ ወደ 130,000 ዝቅ ብሎ ነበር። ቤቲቱ በ480,000 ተሸጠች፤ የደላላና የመሳሰለው ወጪ 30,000 ሲቀነስ 450,000 ቀረ። ስለዚህ ትርፉ 320,000 ዶላር ሆነ። ከዚህ ላይ በእርጅና ስም ሲቀነስ የኖረው 90,000 እስከ 25 በመቶ፣ የተቀረው 230,000 በ15 በመቶ ሲሰላ የፌዴራሉ ግብር ብቻ 57,000 ዶላር ይደርሳል። በከፍተኛ ገቢ ላይ የሚታከለው 3.8 በመቶና የክፍለ ግዛቱ ግብር ገና አልተደመረም። ልውውጡ እንደ ሕጉ ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በዚያ ዓመት አይከፈልም ነበር።

እርሳቸው ግን በእጃቸው ገንዘብ አልነበረም። አዲሱን ቤት አስይዘው ተበደሩ፤ ሊያርፉ ባሰቡበት ዕድሜም ወደ ሥራ ተመለሱ። ይቅርታ ለመጠየቅ ቤታቸው በሄድሁ ጊዜ አልተቆጡኝም። «አንተ ምን ታደርግ፤ መሐንዲስን የግብር ነገር የጠየቅሁ እኔ ነኝ» ብቻ አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያችን የቡና ላይ ቃሌን እንደ ፈረሰ ሕንፃ መርምሬአታለሁ። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስሕተት ተሸክማ ነበር።

አንደኛው «ግብሩ ይቀርልዎታል» ያልሁት ነው። ግብሩ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። በሕጉ መሠረት ተለውጦ ቢሆን ኖሮ በ500,000 የተገዛው አዲሱ ቤት ለሒሳብ የሚያዝለት ዋጋ 180,000 ብቻ ይሆን ነበር፤ የዘገየው የ320,000 ትርፍ በውስጡ ተቀምጦ ይቆያልና። ባለቤቱ ንብረቱን ሳይሸጥ ቢሞት ወራሾቹ በሞቱ ጊዜ ባለው የገበያ ዋጋ እንዲይዙት ሕጉ ስለሚፈቅድ ያ ግብር በዚያ መንገድ ሊቀር ይችላል። ይህ ግን ከቤተሰብ ጋር ተመክሮበት የሚወሰን ነገር ነው።

ሁለተኛው «በ180 ቀን ውስጥ» ያልሁት ነው። የ45ቱን ቀን አላነሣሁም። ቀናቱ የሚቆጠሩት ቅዳሜና እሑድ፣ በዓልም ሳይቀር ነው፤ በታወጀ ታላቅ አደጋ ምክንያት ካልሆነ በቀርም አይራዘሙም። 180ውም ቢሆን ሙሉ ላይሆን ይችላል፤ የዓመቱ የግብር ማስታወቂያ የሚቀርብበት ቀን ከቀደመ ገደቡ እርሱ ነውና። በዲሴምበር 1 ቤቱን ያስረከበ ሰው 180ኛው ቀን ሜይ 30 ላይ ይውላል፤ ነገር ግን የማስታወቂያውን ማቅረቢያ በጊዜው ካላስራዘመ በኤፕሪል 15 ያበቃበታል።

ሦስተኛውና ቤት ያፈረሰው፣ የገንዘቡን ነገር ጨርሶ አለመናገሬ ነው። ሻጩ በሽያጩ ገንዘብ ላይ ሥልጣን ካገኘ፣ ለአንዲት ቀን እንኳ በእጁ ቢገባ፣ ነገሩ ሽያጭ እንጂ ልውውጥ አይሆንም። ስለዚህ ቤቱ ከመተላለፉ በፊት አማካኝ ከሚሆን ድርጅት ጋር ውል ተደርጎ ገንዘቡ በቀጥታ ወደዚያ መግባት አለበት። ይህን ከሽያጩ በኋላ ለማስተካከል አይቻልም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ከእናንተ መካከል አንዱን ሰው ስልክ ደውሎ፣ «በሳሎኔና በማድ ቤቴ መካከል ያለውን ግድግዳ ላፍርሰው?» ቢለው ምን ይመልስለታል? «ፕላኑን ልይ፤ ቤቱን ልይ፤ ግድግዳው ሸክም ይዞ እንደ ሆነ ልመርምር» ይላል። እንዲህ የሚለው ስለሚፈራ አይደለም፤ ማኅተሙን ባሳረፈበት ነገር ስለሚጠየቅበት ነው። በዚህ አገር መሐንዲሶችን በፈቃድ ማሠራት የተጀመረው በዋዮሚንግ በ1907 ነው። የሒሳብ ዐዋቂዎች ፈቃድ ግን ከእኛ ቀድሞ በኒው ዮርክ በ1896 ተደንግጓል። የሙያ ሥነ ምግባራችን መሐንዲስ በሚያውቀው መስክ ብቻ እንዲሠራ ያዛል። እኛ ራሳችን ያለ ፈቃድ የሚሠራውን ሰው እየነቀፍን፣ የዕድሜ ልክ ጥሪታችንን ግን በጓደኛ ቃል እናንቀሳቅሳለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ለሌላው እንጂ ለራሳችን አንጠቅሰውም።

እንግዲህ ፈቃድ ያለው ባለሙያ የምንለው ማን ነው? በግብር ጉዳይ በፌዴራሉ የገቢ መሥሪያ ቤት ፊት ባለጉዳዩን ወክለው ያለ ገደብ ለመቆም የሚችሉት በዋነኛነት ሦስት ወገኖች ናቸው። እነርሱም ከክፍለ ግዛት ፈቃድ ያላቸው የሕግ ጠበቆች፣ እንዲሁ ከክፍለ ግዛት ፈቃድ ያላቸው ሲፒኤ የሚባሉት የሒሳብ ዐዋቂዎች፣ በራሱ በገቢው መሥሪያ ቤት የተመዘገቡት ኢንሮልድ ኤጀንት የሚባሉት ናቸው። በየሰፈሩ በክፍያ የግብር ቅጽ የሚሞላ ሰው ሁሉ ግን ከእነዚህ አንዱ ነው ማለት አይደለም። ቅጽ ለመሙላት የሚያስፈልገው የመለያ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር የፈተና ውጤት ወይም የብቃት ምስክር አይደለም። የሰውዬውን ፈቃድ ከክፍለ ግዛቱ የሒሳብ ዐዋቂዎች ቦርድ፣ ከጠበቆች መዝገብ ወይም ከገቢው መሥሪያ ቤት ዝርዝር ላይ በጥቂት ደቂቃ ማረጋገጥ ይቻላል። ይህን ማድረግ ሰውን መናቅ ሆኖ ሊታየን አይገባም፤ የእኛንም ፈቃድ ባለጉዳዮች እንዲሁ ያረጋግጣሉና።

ፈቃድ ያለው ሁሉ ደግሞ ይህን ሥራ ያውቀዋል ማለት አይቻልም። የመንገድ መሐንዲስ ድልድይ እንደማይነድፍ ሁሉ የደመወዝተኛ ቅጽ ሲሞላ የኖረ የሒሳብ ዐዋቂ ልውውጥ አይቶ ላያውቅ ይችላል። ስለሆነም «ከዚህ በፊት ስንት ልውውጥ ሠርተሃል? ለገቢው መሥሪያ ቤት የሚቀርበውን ቅጽ 8824 ሞልተህ ታውቃለህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

አማካኙን በተመለከተም ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት የእናንተ ጠበቃ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የቤት ደላላ ሆኖ ያገለገላችሁ ሰው አማካኛችሁ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ «የማምነው ሰው ይያዝልኝ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ለአማካኞች የፌዴራል ፈቃድ የለም። እንደ ኔቫዳ፣ ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያሉ ክፍለ ግዛቶች በሕግ ይቆጣጠሯቸዋል፤ በሌሎች ብዙ ቦታዎች ግን ቁጥጥር የለም። በኖቬምበር 2008 ላንድ አሜሪካ የተባለው ትልቅ ኩባንያ ከአማካኝ ቅርንጫፉ ጋር በኪሳራ ሲወድቅ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ደንበኞች የልውውጥ ገንዘባቸው ተያዘባቸው። የኪሳራ ፍርድ ቤቱም በ2009፣ በውሎቹ ላይ ገንዘቡ በአደራ መያዙ ስላልተጻፈ ሀብቱ የኩባንያው ነው ሲል ወሰነ። ይህ የደረሰው ሕጉን አክብረው በሠሩ ሰዎች ላይ ነው። ከፊርማ በፊት ውሉን ያየ ጠበቃ ግን «ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ፣ በአደራ፣ በሁለት ፊርማ ብቻ የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ ዋስትናውም ይታይ» ብሎ ሊያስጽፍ ይችላል።

በእኛ ወገኖች ዘንድ በተለይ የሚያጋጥሙ ጥያቄዎችም አሉ። ከሁሉ የሚበዛው፣ «የሜሪላንዱን ቤት ሸጬ በአዲስ አበባ ብገዛስ?» የሚለው ነው። ሕጉ በዚህ ረገድ ግልጽ ነው፤ በአሜሪካ ውስጥ ያለ ንብረትና ከአሜሪካ ውጭ ያለ ንብረት እንደ አንድ ዓይነት አይቆጠሩም፤ ልውውጡም አይጸናም። አገር ቤት መሥራት መልካም ነው፤ ግብሩን ከፍሎ ግን ነው።

ሌላው የስም ነገር ነው። በልማዳችን ባልና ሚስት በየአባታቸው ስም ይጠራሉ። የተሸጠው ቤት በባል ስም ብቻ ኖሮ አዲሱ በሚስት ስም ብቻ ቢገዛ፣ እንደየክፍለ ግዛቱ ሕግ ልውውጡ ሊፈርስ ይችላል፤ የሸጠውና የገዛው ግብር ከፋይ አንድ መሆን አለበትና። ለወንድም ወይም ለልጅ መሸጥ፣ ከእነርሱም መግዛት እንዲሁ የራሱ የሁለት ዓመት ደንብ አለው። ራሳችን የምንኖርበት ቤት ደግሞ በዚህ አንቀጽ አይገባም። ለእርሱ የተለየ ሕግ ስላለ፣ ከአምስት ዓመት ውስጥ ሁለቱን የኖረበት ባለቤት ሲሸጥ ከትርፉ ላይ ለአንድ ሰው እስከ 250,000፣ አብረው ለሚያስታውቁ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ከግብር ነጻ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው የእያንዳንዱ ሰነድ ነው፤ እኔም አልወስንም።

መልካም አማካሪ አንዳንድ ጊዜ «አትለውጥ» እንደሚልም እወቁ። ለዓመታት ሳይቀነስ የተጠራቀመ የኪራይ ኪሳራ ያለው ሰው፣ ወይም ትርፉ ጥቂት የሆነለት ሰው ግብሩን ከፍሎ ነጻ መሆኑ ሊሻለው ይችላል። ደላላው የሚከፈለው ቤቱ ሲሸጥ፣ አማካኙም የሚከፈለው ልውውጡ ሲደረግ ነው። «ተው» ብሎ የሚናገር ሰው የምናገኘው ለምክሩ ብቻ ከምንከፍለው ባለሙያ ዘንድ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው ምክር አጭር ነው። ቤታችሁን ለሽያጭ ከማውጣታችሁ በፊት የግዥውን ውል፣ የእርጅናውን ሒሳብና የባንኩን ዕዳ ይዛችሁ ፈቃድ ወዳለው ባለሙያ ሂዱ። «ብሸጥ ግብሩ ስንት ነው? ብለውጥስ? ባልሸጥስ?» ብላችሁ ሦስቱንም አስሰሉ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሽያጩ ውል ላይ ስለ ልውውጡ የሚለው ቃል በጠበቃ ይታይ። አማካኙ ከመዝጊያው ቀን በፊት ይያዝ። ለዚህ የምትከፍሉት ዋጋ፣ ለአፈር ምርመራ እንደምንከፍለው ያለ ነው። ብዙ ሰው ያንን ወጪ ይጠላዋል፤ እኛ ግን ያለ እርሱ መሠረት አንጥልም።

ወጣት ባልደረቦቼን ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ታላላቆቻችን ስለሚወዱንና በትምህርታችን ስለሚኮሩ ሁሉን ነገር ይጠይቁናል። «አላውቅም» ማለት በፊታቸው ያሳነሰን ይመስለናል። ያን እሑድ፣ «ጋሼ፣ ይህን አላውቅም፤ የሚያውቅ ሰው አብረን እንፈልግ» ብዬ ቢሆን ኖሮ እርሳቸው ዛሬ ያርፉ ነበር።

ይህን ንግግር ከማቅረቤ በፊት ታሪካቸውን ለመናገር ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነበር። «ንገራቸው፤ ስሜን ተወው» አሉኝ። ባለፈው ወርም የኪራይ ቤቱን ነገር አንሥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። መልሱን እገምተው ነበር፤ ግን አልተናገርሁም። በማግሥቱ መኪናዬን አስነሥቼ እርሳቸውን ይዤ ወደ ሒሳብ ዐዋቂዋ ቢሮ ሄድሁ፤ እርሳቸው ገብተው ሲነጋገሩ እኔ ውጭ ተቀምጬ ጠበቅሁ።